ሙዚየም ዘጠነኛ «ለ» የገባ ዕለት

እኔ መጨነቅ በማያስፈልገኝ ነገር አጥብቄ ተጨንቄ፣ ልጨነቅበት የሚገባኝን ነገር ደህና አድርጌ የምረሳ ሰው ነኝ። ባለቤቴ ይህን ጠባዬን ለሰው ስታስረዳ «በሩን ሦስቴ ቆልፎ፣ ሦስቴ ገፍቶ አይቶ፣ ቁልፉን እዚያው በሩ ላይ ሰክቶት ይሄዳል» ትላለች። ስሜን አጠፋች እንዳልል አንድ ቀን አድርጌዋለሁ። እሺ፣ ሁለት ቀን። አሁን የማጫውታችሁ ግን ከቁልፉ የባሰውን ነው።

ያኔ አዘዞ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ አስተምር ነበር። አስተምር ነበር ስላችሁ በጠመኔ ነው። የድንጋይ መሣሪያውን በጠመኔ፣ የጥንቱን ሳንቲም በጠመኔ፣ የንጉሡን ዙፋን በጠመኔ። ሥዕል ደግሞ አልተሰጠኝም። አንድ ቀን እንደ ምንም ላቤ ጠብ እስኪል ዘውድ ስዬ ዞር ስል ከኋላ ወንበር «መምህር፣ ይሄ ጀሪካን ስንት ሊትር ይይዛል?» ተባልኩ። የጠየቀኝ ይታያል የሚባል ተማሪዬ ነው፤ የክፍሉ አፍ እሱ ነው። ከአዘዞ ጎንደር ከተማ ያለው የነገሥታቱ ግንብ ድረስ በሚኒባስ ምን ያህል ነው? አጥሩን በውጭ በኩል ያላለፈበት ልጅ የለም። «ሙዚየም ገብቶ የሚያውቅ እጁን ያውጣ» ብዬ ስጠይቅ ግን ከሃምሳ ስምንቱ አንድ ልጅ ብቻ አወጣ። እሱም ሽንት ቤት ልሂድ ሊለኝ ኖሯል።

እንዲህ እያለን ነው ደብዳቤው የመጣው። እስራኤል አገር ያለ አንድ ሙዚየም ለትምህርት ቤቶች በኢንተርኔት የቀጥታ ጉብኝት ያደርጋል። አስጎብኚዋ እዚያ ካሜራ ይዛ ትዞራለች፤ ተማሪዎቹ እዚህ ክፍላቸው ቁጭ ብለው ያያሉ፣ ይጠይቃሉ። ሙዚየሙ ከጎንደር ዙሪያ የሄዱ የሸክላና የብረት ሥራዎች አሉት። ለእኛ አንድ የሙከራ ጉብኝት ይሰጡናል፤ ለአንድ ክፍል፣ አርባ ደቂቃ። ተማሪዎቹ በደንብ ከተሳተፉ ዓመቱን ሙሉ በየወሩ ለሁሉም ክፍል ይቀጥላል። ካልሆነ ዕድሉ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ይዞራል።

ርዕሰ መምህሩ ደብዳቤውን በሁለት ጣት ይዘው ሰጡኝ። «ይኸውልህ፣ ከተሳካ የትምህርት ቤቱ ነው» አሉኝ።

«ካልተሳካስ?»

«ካልተሳካማ ያንተ ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌት ተቀን የማስበው ስለሱ ብቻ ሆነ። ርዕሰ መምህሩን ፈርቼ ብቻ አይደለም። እኔ ልቤ ሌላ ቦታ ነበር፤ ለልጆቹ «ከእንግዲህ በጠመኔ አይደለም፣ በዓይናችሁ ታያላችሁ» ብዬ ቃል ገብቼ ነበራ። ቃል የገባሁ ዕለት ሁሉም ቀና ብሎ አየኝ። ይታያል እንኳ አልቀለደም። እሱ ዝም ሲል ነው ነገሩ የጠናብኝ።

ሙዚየሙ የሚሞላ ፎርም ላከ። አስተማማኝ ኢንተርኔት አላችሁ? አለን። ካሜራ ያለው ኮምፒውተር? አለን። የድምፅ መሣሪያ? አለን። ጸጥ ያለ ክፍል? እዚህ ላይ ብዕሬ ትንሽ ተንገዳገደ፤ በአንድ በኩል አውሮፕላን ማረፊያው፣ በሌላ በኩል ወፍጮ ቤት አለ። አለን ብዬ ጻፍኩ። እንግዲህ ሁሉን አለን ብዬ ላክሁና፣ ካለን ውስጥ አንዱም ስላልነበረን ፍለጋ ወጣሁ።

ጎንደር አራዳ ገበያ ውስጥ ጋሽ ሰይድ የሚባሉ የኤሌክትሮኒክስ ነጋዴ አሉ። ከአያት ከቅድመ አያታቸው ጀምሮ ነጋዴ ናቸው፤ ልጃቸው ሐያት እኔ ጋ ትማራለች። ላፕቶፕ፣ ማይክና ስፒከር ለአንድ ቀን ያውሱኝ ብዬ ለመንኳቸው። ጋሽ ሰይድ ጺማቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉ።

«ለልጆቹ ከሆነ ምን ገዶኝ፣ እሰጥሃለሁ መምህር። ግን አንድ ነገር ልንገርህ፣ ዕቃዬ ያለ እኔ ከዚህ ሱቅ ወጥቶ አያውቅም።»

«ታዲያ እንዴት እናድርግ?»

«እንዴት እናድርግ ትላለህ እንዴ? አብሬው እመጣለኋ!»

ኢንተርኔቱን ከአንድ ጓደኛዬ ዶንግል ተውሼ ጨረስኩ። ወፍጮ ቤቱን ለአርባ ደቂቃ እንዲያቆም ባለቤቱን እጁን ይዤ ለመንኩት፤ «እህል ይዞ የተሰለፈውን ሰው ምን ልበለው?» ሲለኝ «ትምህርት ነው በለው» አልኩት። ዝናብ ቢመጣ ቆርቆሮው ያደነቁረናል ብዬ ሰማዩን በቀን አሥር ጊዜ አየሁ፤ ወሩ ጥር ነበር። ማከፋፈያው እንዳይነቀል በፕላስተር አሰርኩት። የክፍሉን መስታወት እራሴ ወለወልኩ፤ ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቀውም። የሚያስጨንቅ ነገር የቀረኝ አልመሰለኝም።

አሁን ስለ ፕላዝማ ትንሽ ልበላችሁ። በዚያ ዘመን ያስተማረ ወይ የተማረ ያውቀዋል። በየክፍሉ የብረት ሣጥን ውስጥ የተቆለፈ ትልቅ ቴሌቪዥን አለ፤ በሳተላይት የሚመጣ መምህር ከውስጡ ሆኖ ሒሳብና ፊዚክስ ያስተምራል። መምህሩ አያይም፣ አይሰማም፣ አይጠብቅም። «ይህን ሥሩ» ይላል። እስክሪብቶ ሳይነሳ «ጊዜው አልቋል» ይላል። ከዚያ ማንም ምንም ሳይመልስ ራሱ «በጣም ጥሩ!» ይላል። ልጆቹ እልሃቸውን የሚወጡት መልሰው በመናገር ነው። እሱ ደህና አደራችሁ ሲላቸው «ምን ያስቸኩልሃል፣ ሚስትህ ምጥ ላይ ናት?» ይሉታል። ከረባቱን ይተርቡታል፣ ጆሮውን ይተርቡታል። እኛ የክፍል መምህራንም ጥግ ቆመን እንስቃለን፤ ምን እናድርግ፣ ሥራችንን ነጥቆናል እኮ!

እንግዲህ ጋሽ ሰይድ የገመድ ሰው ናቸውና፣ ላፕቶፑን በአንድ ሽቦ ከፕላዝማው ጋር አገናኙት። ላፕቶፑ ካሜራውን ወደ ክፍሉ አዙሮ ከፊት ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ፤ ምስሉ ግን በትልቁ ፕላዝማ መጣ። «እንዲህ ነው ሥራ!» ተባባልን፤ ተጨባበጥን። ሴትዮዋ ታየናለች፣ ትሰማናለች የሚለውን ነገር ለልጆቹ መንገር ለካ ረስቼዋለሁ። ልጆቹን ተዉአቸው፣ ለራሴም አልነገርኩትም!

ዕለቱ ማክሰኞ ነው፤ ከጠዋቱ አራት ሰዓት። ርዕሰ መምህሩ ከተማ ስብሰባ ሄደዋል፤ ይህ የዕለቱ ብቸኛ እድሌ ነበር። ጋሽ ሰይድ ማይኩን ለማንም አልሰጥ ብለው ደረታቸው ላይ አቅፈው ከጎኔ ቆሙ። ላፕቶፑ ጠራ፣ ጠራ፣ ልቤም አብሮ ጠራ፤ ከዚያ ፕላዝማው ላይ አንዲት ሴት ብቅ አለች። ወደ አርባዎቹ የምትጠጋ፣ ፀጉሯ አጭር፣ እጇ ላይ ነጭ ጓንት።

«ጤና ይስጥልኝ ልጆች። እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ ትርንጎ እባላለሁ» አለች በአማርኛ።

አማርኛ ትናገራለች ብሎ የጠበቀ አልነበረም። ክፍሉ በደስታ አጨበጨበ፤ ይታያልም ደስታውን በለመደው መንገድ ገለጸ።

«ምነው እቴ፣ በጠዋቱ ጓንት? ሳህን ተቆልሎብሽ ነው?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሴትዮዋ ቆም አለች፣ እጇን አየችና «ጓንቱ ዕቃው እንዳይበላሽ ነው» አለች።

«ኧረ! የሰማች እኮ ነው የምትመስለው!» አለ ይታያል። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እኔም እንዴት ገጠመላት ብዬ ተገረምኩ።

ከመሃል አንዷ «ፀጉሯን ግን ማን ነው እንዲህ የጨፈጨፋት? በመቀስ አይመስልም፣ በማጭድ ነው» አለች። ሴትዮዋ ፀጉሯን ዳሰስ አደረገች። ከዚያ «አሁን ሸጋ ሸጋ ዕቃዎች አሳያችኋለሁ» ስትል እኔ ደግሞ፣ እኔ የሁለት ልጆች አባት፣ ወደ ጋሽ ሰይድ ጠጋ ብዬ አንሾካሾክሁ።

«አማርኛዋን ሰሙልኝ? ከየት ሣጥን ነው ያወጡት? ናፍታሊን ናፍታሊን ይላል እኮ!»

ጋሽ ሰይድ ማይኩን እንዳቀፉ በሳቅ ተንቀጠቀጡ።

ሴትዮዋ አንድ ማረሻ አነሳች። «ይህን የሚያውቀው ማነው?» ብላ ጠየቀች። ልጆቹ እንደ ልማዳቸው «በጣም ጥሩ» እስክትል ጠበቁ። እሷም ጠበቀች። እኛ ጠበቅን፣ እሷ ጠበቀች። ማረሻውን ከፍ አድርጋ ይዛ፣ ፈገግ እንዳለች፣ ፍንክች አልል አለች። በቃ፣ ኔትወርኩ ሄደ!

«ጋሽ ሰይድ፣ ቆመች! ደረቀች!»

«ምታው፣ ምታው!» አሉኝ።

ተንደርድሬ ሄጄ የፕላዝማውን ሣጥን በጥፊ አቀመስኩት። አልነቃነቅ አለች። ደገምኩት። «ኧረ ነይ ሴትዮ! ዛሬ ነው እንዴ የምትገተሪብኝ!» እያልኩ ሽቦውን ነቀነቅሁ።

ያኔ ከፕላዝማው ውስጥ ረጋ ያለ ድምፅ መጣ።

«አልደረቅሁም መምህር። መልስ እየጠበቅሁ ነው። እርስዎ ግን ልጆቹን ጋርደውብኛል፤ የሸሚዝዎም ቁልፍ ሆድዎ ላይ ተፈቷል።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ምን ነበር አልኩ። ከኋላዬ ሃምሳ ስምንት ልጅ አንድ ላይ ትንፋሹን ሲስብ ሰማሁ። ይታያል ዴስክ ሥር ገባ። ስለ ፀጉሯ የተናገረችው ልጅ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናነበች። ጓንቱን ሰምታለች፣ ማጭዱን ሰምታለች። የእኔን ናፍታሊን ደግሞ ከሁሉ አጥርታ ሰምታለች፤ ማይኩ ያለው በእኔና በጋሽ ሰይድ መሃል አይደል!

«እመቤቴ... ይቅርታ... እኛ ፕላዝማ መስለሽን... መስለውን...» አልኩ። ቁልፌን ልቆልፍ ስል ደግሞ ሌላኛውን ፈታሁት።

«ግድ የለም» አለች። «አማርኛዬ የእናቴ ነው። ከወለቃ፣ ከእናንተው ከጎንደር አጠገብ፣ ስወጣ የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ። እዚያ ስንደርስ የሚያድስልኝ ሰው አላገኘሁም፤ እንደያዝኩት ቀረ።»

ቁጣ ቢሆን እችለው ነበር። ይህን ግን አልቻልኩም፤ ዓይኔ እንባ ሞላ፣ አፈርኩ። ሰዓቴን ሳይ ደግሞ አሥራ ሦስት ደቂቃ ሄዷል። ልጆቹ አሁን አፋቸው በእፍረት ተቆልፏል፤ ካልተናገሩ አልተሳተፉም፣ ካልተሳተፉ ደግሞ ዓመቱ ሙሉ ሄደ ማለት ነው። ማረሻውን ጠየቀች፤ ዝም። ወናፍ አሳየች፤ ዝም። የገበሬ ልጆች ናቸው እኮ፣ ማረሻ ጠፍቷቸው ነው? በዓይኔ ለመንኳቸው። አንገታቸውን ደፍተው ጫማቸውን ያያሉ።

በዚህ መሃል ጋሽ ሰይድ ማይኩን ወደ አፋቸው አስጠጉ።

«ልጄ፣ ወለቃ ነው ያልሽው? የማን ልጅ ነሽ?»

አለቀልን አልኩ። «የማን ልጅ ነሽ» የሚባል ጥያቄ ጎንደር ውስጥ ከግማሽ ሰዓት በታች አልቆ አያውቅም! የአባቷን ስም ነገረቻቸው። «የየትኛው? ከመንገዱ በላይ የነበረው ወይስ ከታች?» አሏት። ከላይ አለች። «አንጥረኛው?» አዎ አለች። «ውይ! አባቴ ሱቅ ይመጣ ነበር እኮ! ቅዳሜ ሰንበታቸው ስለሆነ ገበያ አይወጣም፤ ሐሙስ ሐሙስ ነበር የሚመጣ። እናትሽስ?» «እናቴ አረፈች አያ።» «አላህ ይዘንላት።» እኔ ሰዓቴን አያለሁ፣ እነሱን አያለሁ፤ የተፈታውን የሸሚዜን ጫፍ እንደያዝኩ ቆሜያለሁ። ሰባት ደቂቃ ፈጀ። ላቋርጣቸው አፌን ከፍቼ ሦስቴ ዘጋሁት።

«እንግዲህ አያ፣ ልጆቹ ካኮረፉኝ አንድ የቸገረኝን ነገር ላሳያችሁ» አለችና ካሜራውን ይዛ ወደ ሌላ ክፍል ገባች። መስታወት ውስጥ፣ ቀይ ጨርቅ ላይ፣ ከላይ መብራት በርቶላቸው ሦስት የሸክላ ነገሮች በሰልፍ ቆመዋል። ግርጌያቸው ሰፋ፣ አናታቸው ጎንበስ ያለ። ከሥራቸው ያለውን ጽሑፍ ወደ አማርኛ መልሳ አነበበችልን። «አገልግሎታቸው ያልታወቀ። ምናልባት የአምልኮ ምስሎች።»

ክፍሉ ውስጥ አንድ ነገር ሲንቀሳቀስ ተሰማኝ። ልጆቹ ቀና አሉ። ተያዩ። አንዷ አፏን በእጇ ያዘች። ከዴስክ ሥር መጀመሪያ እጅ ወጣ፣ ከዚያ የይታያል ራስ። ይታያል ከተፈጠረ ጀምሮ እጁን አውጥቶ ሲናገር አይቼው አላውቅም።

«እትዬ ትርንጎ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና... ይሄ ጉልቻ ነው።»

«ማነው ያለው?»

«እኔ ነኝ። ያ... ሳህን ያልኩት።»

ሴትዮዋ ካሜራውን ወደ ፊቷ አዞረች። «እኔም ጉልቻ ነው ብዬ ነበር። ዓመት ሙሉ። አለቆቼ ግን በልጅ ትዝታ ጽሑፍ አይቀየርም አሉኝ። ምስክር አጣሁ። እስቲ አንተ በምን ታስረዳልኛለህ?»

ይታያል ከዴስኩ ወጥቶ ቆመ። «ጀርባውን ይዩት። ጉልቻ ከሆነ ወደ እሳቱ የሚዞረው ጎን ብቻ ነው የሚጠቁር፤ የውጭው ቀይ እንደሆነ ይቀራል።»

ቁልፍ አወጣች፣ መስታወቱን ከፈተች፣ አንዱን በሁለት እጇ አንስታ አዞረችው። ጀርባው በጥቀርሻ ጥቁር ብሏል። እኔ እንዲህ ያለ ጩኸት ያ ክፍል ውስጥ ሰምቼ አላውቅም፤ ወፍጮ ቤቱ ሥራ የጀመረ መስሎኝ ደነገጥኩ።

«አናቱንም ይዩት፣ ድስት የበላው ቦታ ይኖራል!» አለች ሐያት። ነበረው። ከዚያማ ማን ያስቁማቸው! «እንደዚያ በሰልፍ አይቆምም!» «ፊት ለፊት ያዙሯቸው!» «ጠጋ፣ ጠጋ! ኧረ ድስቱ ይደፋል!» ሃምሳ ስምንቱም ከአዘዞ ሆነው እያዘዟት፣ ትርንጎ እየሳቀች ሦስቱን ቀይ ጨርቁ ላይ ጎለተቻቸው። በዚህ ጊዜ ከኋላዋ አንድ ረጅም ሰው የቁልፍ ዘለላ እያንቀጫቀጨ እየሮጠ መጣ። በማላውቀው ቋንቋ ይጮሃል። እሷም መለሰችለት። ሰውዬው ወደ ጉልቻው ጠቆመ፤ እሷ ወደ እኛ ጠቆመች። ሴትዮዋን ከሥራ ልናስባርራት ነው አልኩና «እኛ ነን ጌታዬ፣ እኛ ነን ያስደረግናት!» ብዬ በአማርኛ ጮህኩ።

ድርግም። መብራት ሄደ። የጋሽ ሰይድ ላፕቶፕ ለካ ባትሪ አልነበረውም።

ማንም ከቦታው አልተነሳም። የጠፋውን ፕላዝማ እያየን ተቀመጥን። «መምህር፣ ያባርሯታል?» አለኝ ይታያል። አላውቅም አልኩት። አርባው ደቂቃ ሊያልቅ አራት ደቂቃ ቀርቶት ነበር፤ አራቱንም ቁጭ ብለን ጨረስናቸው።

በማግስቱ የሒሳቡ ፕላዝማ መምህር ደህና አደራችሁ ሲል ዘጠነኛ «ለ» በሙሉ ብድግ ብሎ እጅ ነሳ። እኔ ግን ለሦስት ሳምንት ሰው አልነበርኩም። ርዕሰ መምህሩ ባገኙኝ ቁጥር «እንዴት ነበር አልከኝ?» ይሉኛል፤ እኔ «እጅግ ሞቅ ያለ ነበር» እላቸዋለሁ። ጋሽ ሰይድ ሁለቴ ደውለው «የአንጥረኛው ልጅ ምን ሆነች?» ብለው ጠየቁኝ። ለሙዚየሙ የይቅርታ ደብዳቤ አምስት ጊዜ ጽፌ አምስቱንም ቀደድኩ። ናፍታሊን ያልኩትን ነገር በምን ቋንቋ እንደሚስተካከል አላገኘሁትም።

በአራተኛው ሳምንት ርዕሰ መምህሩ ቢሮ አስጠሩኝ። ጠረጴዛቸው ላይ ፖስታ አለ። ሳይፈቀድልኝ ተቀመጥኩ። የሙዚየሙ ደብዳቤ አጭር ነው፤ ጉብኝቱ ዓመቱን ሙሉ፣ በየወሩ፣ ለሁሉም ክፍል ይቀጥላል ይላል። ከሱ ጋር አንድ ፎቶ አለ፤ ሦስቱ ጉልቻ ፊት ለፊት ተጎልተዋል፤ ከሥራቸው አዲስ ጽሑፍ አለ። ሌላም አንዲት ወረቀት ነበረች፤ ፊደሏ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ ተለቅ ተለቅ ያለ፣ በእጅ የተጻፈ።

«መምህር፣ ልጆቹ እንዳፈሩ እንዳይቀሩ ሰግቻለሁ። እዚህ ሁሉም ያከብረኛል፤ እንደ እንግዳ ነው የሚያከብሩኝ። እናቴ ከሞተች ወዲህ በአማርኛ የተረበኝ ሰው አልነበረም። የመጀመሪያዎቹን አሥር ደቂቃዎች እስካሁን እያስታወስኩ ለብቻዬ እስቃለሁ። አደራዎን፣ በሚቀጥለው ወር ጨዋ አድርገው እንዳያቀርቡልኝ።»

ደግሜ አነበብኩት። እዚያው ርዕሰ መምህሩ ፊት በመሐረቤ ዓይኔን ጠረግሁ። እሳቸው ግን መነጽራቸውን አውልቀው ወረቀቷን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞሯት።

«የመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች ትላለች። ሪፖርት ላይ ይግባልን፤ ልጆቹ ምን ብለዋት ነው?»

ወረቀቷን ከእጃቸው ወስጄ አጣጠፍኳት።

«እንኳን ለቤትሽ አበቃሽ ነው ያሏት» አልኳቸው።